ግድግዳው ላይ የነበሩት ፍየሎች

ሻምሳ የልጄ የአዳኖ ልጅ ናት። ዛሬ ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው። ሞያሌ ከተማ፣ በኬንያ በኩል፣ ከአስፋልቱ ዳር ባለች አንዲት ፎቶ ኮፒ ቤት ትሠራለች። ሰው ገብቶ የሚፈልገውን ይነግራታል፣ እሷ በኮምፒውተር ትጽፍለታለች። የሥራ ማመልከቻ፣ መታወቂያ ጠፋብኝ የሚል ወረቀት፣ ለአካባቢው ሹም ለቺፉ የሚሰጥ አቤቱታ። ቀኑን ሙሉ የሰው ቃል ስትጽፍ ትውላለች። የራሷን ቃል ግን ከዘጠኝ ዓመቷ ጀምሮ እስከ ዘንድሮ ድረስ አንድ መስመር አልጻፈችም ነበር። ምክንያቱን የምናውቀው እሷ፣ ባሌና እኔ ብቻ ነን።

እናቷ የሞተችባት ጡት ሳትጥል ነው። አባቷ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ ኢሲዮሎ ሲል፣ ናይሮቢ ሲል፣ ቤት የሚያድረው በወር አንዴ ቢሆን ነው። ስለዚህ ያደገችው ከሞያሌ ወጣ ባለችው መንደራችን በኦዳ፣ እኛ ቤት ነው። ባሌን ሰው ጋልጋሎ ይለዋል። እኔ በስሙ አልጠራውም፤ አባ አዳኖ ነው የምለው። እኔ መሪማ እባላለሁ። የተወለድኩት ሜጋ ነው፤ አባቴ የጨርቅ ነጋዴ ነበር፣ ቤታችን ውስጥም አማርኛ ነበር የሚነገረው። ተድሬ ድንበሩን ስሻገር ቁርአኑን በቃሌ እቀራለሁ እንጂ ፊደል የሚባል ነገር፣ በየትኛውም ቋንቋ፣ አላውቅም ነበር።

ልጅ ሁሉ ይሞነጭራል። አዳኖም ልጅ ሳለ በሩን በከሰል ያጠቁረው ነበር። «ምንድነው ይኼ?» ስለው «መኪና» ይለኛል። ለእኔ የተደፋ ድስት ነበር የሚመስለኝ። ሞንጭሮ ሲጨርስ ከሰሉን ጥሎ ይሄዳል፣ ሁለተኛ ዞር ብሎ አያየውም። የሻምሳ ሌላ ነበር። እሷ ትመለሳለች። ጠዋት የጫረችውን ከትምህርት ቤት መጥታ ቁጭ ብላ ታየዋለች። ጣቷን በምራቋ አርሳ አንድ ነገር ታጠፋለች፣ በከሰል አንድ ነገር ትጨምራለች፣ ደግሞ ራቅ ብላ ታያለች። ሻይ ቀረበ ስላት አትሰማም። እኔ በሩ ላይ ቆሜ አያታለሁ። የምትሞነጭረው አልጋዋ ራስጌ ባለው የጭቃ ግድግዳ ላይ ነው፤ ቦታው ጨለም ያለ ስለሆነ ብዙም አልተቆጣሁም።

አንድ ቀን አልጋዋን ገፍቼ ስጠርግ ግድግዳው ሞልቶ አገኘሁት። ከታች እስከ ላይ፣ በረድፍ በረድፍ፣ ትንንሽ ጥቁር ምልክቶች ናቸው። አንዱ ቀጥ ያለ፣ አንዱ የታጠፈ፣ አንዱ ጎኑ ላይ ነጥብ ያለበት። የነጋዴ ልጅ ነኝ፤ አባቴ ሱቅ ውስጥ ሰዎች ሲጽፉ አይቻለሁ፣ ጽሕፈት በረድፍ እንደሚሄድ አውቃለሁ። ልጅቱ ጻፈች አልኩ። የልቤን መዝለል ዛሬም አስታውሰዋለሁ። ከዚያ ወዲህ እንደዚያ ዘሎ አያውቅም።

«አባ አዳኖ! ና እስቲ ና! ይቺ ልጅ ግድግዳውን ሙሉ ጽፋዋለች!»

ጎንበስ ብሎ ገባ፣ ዱላው በእጁ ነው። ግድግዳው ፊት ቆመ። ብዙ ጊዜ ቆመ።

«ምን ብላ ነው የጻፈችው?» አልኩት እየሳቅሁ። «አንተ ደግሞ የምታውቅ ይመስል!»

አልሳቀም። የዱላውን ጫፍ አንሥቶ አንዱን ምልክት ነካ አደረገው።

«ይቺ ጉራቻ ናት» አለ። ጉራቻ የምንላት ጥቁሯን ፍየል ነበር። ዱላውን ወደሚቀጥለው አሻገረ። «ይቺ ቡሬዋ ናት። ይቺ ጆሮዋን ጅብ የነከሳት ናት። ይቺ ወገቧ የጎበጠው፣ ባለፈው መንታ የወለደችው።» እንዲህ እያለ ረድፉን ጨረሰ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «ጽሕፈት አይደለም መሪማ። የእኔ ፍየሎች ናቸው። አንድ ሳትቀር።»

ፊደል የማላውቀው እኔ ጽሕፈት ነው አልኩ። እሱም ፊደል አያውቅም፤ ግን አነበበው።

እዚህ አገር ሰው ከብቱን አይቆጥርም። «ስንት ናቸው?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው «አሉ፣ አላህ ይመስገን» ይላል። የተቆጠረ ነገር ዓይን ይገባበታል፣ አይበረክትም ነው የሚባለው። እረኛ ፍየሎቹ ወደ ጉሮኖ ሲገቡ በሩ ላይ ቆሞ ያያል፤ የጎደለች ካለች በመልኳ ያውቃታል እንጂ በቁጥር አይደለም። እኔም ሌላው ቀርቶ ዛሬ ይህን ስጽፍ ያኔ ስንት ፍየል እንደነበረን እጄ አይጽፈውም።

ሻምሳ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በሩ ላይ ጠበቃት። ጮሆ አልተናገራትም፣ ዱላም አላነሣባትም። ያን ቢያደርግ ይሻል ነበር ብዬ የማስብበት ጊዜ አለ።

«ማን ቁጠሪ አለሽ?» አላት።

«አልቆጠርኩም አካኮ። ሳልኳቸው።» አካኮ ማለት በቦረንኛ አያቴ ማለት ነው፤ እኔን ደግሞ አኮ ትለኛለች።

«አንዷን ካንዷ ጎን አስቀምጠሽ ደርድረሻቸዋል። ከዚህ ሌላ መቁጠር ምንድነው?»

ልጅቱ ጫማዋን አየች። «እንዳይመሳሰሉብኝ ነው» አለች።

«ለቅልቂው» አለኝ ለእኔ።

እበትና አመድ ከጭቃ ጋር ለውሼ ለቀለቅሁት። ውሃውን በጄሪካን ያመጣችልኝ እሷ ናት። ከላይ ጀምሬ ወደ ታች ወረድኩ። እጄ ሥር ሲጠፉ ቆማ አየች፣ አላለቀሰችም። ሥራ ስንጨርስ እጄን በቀረው ውሃ አስታጠበችኝ።

ያን ዓመት ዝናቡ ቀረ። ቀጥሎ የሚጠበቀውም ቀረ። ያን ድርቅ ያየ ሰው እንዴት እንደነበር አያወራም፣ ያላየም ቢነገረው አይገባውም፤ ስለዚህ አላወራውም። መጀመሪያ ጉራቻ ሄደች። ቀጥላ ወገበ ጎባጣዋ። በሳምንት አንዷ፣ ኋላ በቀን አንዷ። አባ አዳኖ ጠዋት ጠዋት ከጉሮኖው እየጎተተ ከአጥሩ ውጭ ያወጣቸዋል፣ ተመልሶ ይቀመጣል። ስለ ግድግዳው አንድ ቃል ተናግሮ አያውቅም። አንድ ቀን ብቻ፣ ጎረቤት ሊያጽናናው መጥቶ «የአላህ ሥራ ነው ጋልጋሎ» ቢለው፣ «ተቆጥረው ነበር» አለ። ሻምሳ እንጨት ይዛ ስትገባ ሰማችው።

በማግሥቱ ሻይ እየጠጣን ጠየቀችኝ። «አኮ፣ እኔ ነኝ የገደልኳቸው?»

ቃሏ እንደዚህ ነበር። ድምፅዋም ዛሬ ትምህርት አለ ወይ ብላ እንደምትጠይቅ ነበር። «ሻይሽን ጠጪ» አልኳት። ሌላ አላልኩም። ለምን አላልኩም ብባል፣ እርግጠኛ ስላልነበርኩ ነው። እኔም የዚሁ አገር ሰው ነኝ።

ድርቁ ሲያበቃ አንድ የዕርዳታ ድርጅት ከብት ላለቀበት ሰው ፍየል እሰጣለሁ ብሎ መጣ። ግራሩ ሥር ጠረጴዛ ተዘረጋ፣ ወረቀት የያዘ ጎልማሳ ከሩቅ አገር መጥቶ ተቀመጠ። ሽማግሌዎቹ ተራ በተራ ፊቱ ይቀመጣሉ፤ ሁሉንም በስዋሂሊ ምዜ፣ ሽማግሌ፣ ይላቸዋል።

«ስንት ሞተብዎ ምዜ?»

«ብዙ።»

«ብዙ ማለት ስንት ነው? ቅጹ ቁጥር ነው የሚፈልገው።»

«ቅጹ ፍየል አርብቶ ያውቃል?» አለ አንዱ ከኋላ፤ ሰዎቹ ሳቁ። ሳቅ ከሰማን ቆይተን ነበር።

የአባ አዳኖ ተራ ደረሰ። «ስንት?» አለው ጎልማሳው። «አልቆጥርም» አለ አባ አዳኖ። «የሞቱትን እኮ ነው።» «የሞቱትንም አልቆጥርም።» ሻምሳ አጠገቤ ቆማለች። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁት፤ እያንዳንዷን ታውቃለች፣ በረድፍ በረድፍ ነው የምታውቃቸው። አንድ ቃል ቢወጣት ቅጹ ይሞላ ነበር። እጇን ያዝኩና ጨበጥኩት። አጥብቄ ነው የጨበጥኩት። ጎልማሳው ወረቀቱ ላይ ሰረዝ አደረገ። ኋላ ፍየል ሲታደል ስማችን ሲጠራ አልሰማንም። አባ አዳኖ ከዘመድ እየተዋሰ፣ ከአዳኖ ደመወዝ እየገዛ፣ ጥቂት ሰበሰበ።

ከዚያ ወዲያ ሻምሳ ከሰል አልነካችም። ትምህርት ቤት ከሰሌዳ የሚገለበጠውን ሁሉ አሳምራ ትገለብጣለች፤ ከራሳችሁ ጻፉ ሲባል ባዶ ወረቀት ትሰጣለች። አስተማሪዋ አስጠርታኝ «ይቺ ልጅ ሰነፍ አይደለችም፣ ግን የራሷ ነገር የላትም» አለችኝ። እሺ ብዬ መጣሁ። ቤታችን ውስጥ ጠብ የለም፣ ልቅሶ የለም። እሷ አካኮ ትለዋለች፣ እሱ ልጄ ይላታል፤ ውሃ ታቀርብለታለች፣ ይመርቃታል። ከውጭ የሚያየን ሰው እንዴት ያለ ሰላማዊ ቤት ነው ይላል። እኔም አንዳንድ ጊዜ እንደዚያ እያልኩ ዓመቱ ሄደ። ሌላ ድርቅ መጣ፣ ያም ሄደ። ሲመጣም ሲሄድም ያን ያህል አልተሰማኝም።

እኔ ፊደል የቆጠርኩት በሃምሳ ሰባት ዓመቴ ነው። በኢትዮጵያ በኩል ወልደ ሥላሴ የሚባል ልብስ ሰፊ አለ። የሰውን ልክ በጠመኔ ጨርቁ ላይ ሲጽፍ አይቼ «ይኼ ምን ይላል?» ብዬ ጠየቅሁት።

«የእርስዎ ወገብ ነው እትዬ መሪማ። እንዳልናገረው ጻፍኩት።»

ገበያ በሄድኩ ቁጥር አንድ ፊደል ያስተምረኝ ጀመር፤ በዚያው ጠመኔ፣ በቁራጭ ጨርቅ ላይ። እጄ ይንቀጠቀጣል፣ «ለ» ስጽፍ እግሮቿ ይንሻፈፋሉ። «ይቺ ለ አልጠገበችም፣ ቆማ መሄድ አቅቷታል» ይለኛል። ጨርቆቹን ቤት ወስጄ አያቸዋለሁ፣ ጣቴን አርሼ አጠፋለሁ፣ እንደገና እጽፋለሁ። አንድ ቀን እንዲህ ሳደርግ እጄ መሐል ላይ ቆመ። ሻምሳ ግድግዳው ፊት ትሠራ የነበረው ይህንኑ ነው። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ልቅለቃውን ሳስብ ግን ሐዘንም ቁጭትም አልመጣልኝ፤ ጨርቁን አጥፌ ከትራሴ ሥር አደረግሁት።

ባለፈው ዓመት የአባ አዳኖ ዓይን ጠፋ። ቀስ በቀስ ነው የጠፋው፤ መጀመሪያ ሩቁ፣ ኋላ ቅርቡ። ፍየሎቹ ሲገቡ ዛሬም የጉሮኖው በር ላይ ይቆማል።

«ገቡ?» ይለኛል።

«ገቡ።»

«ነጯስ?»

«ገብታለች አልኩህ እኮ።»

«አንቺ ፍየል ከፍየል ለይተሽ ታውቂ ነበር እንዴ!» ይላል። እውነቱን ነው። ለእኔ ፍየል ፍየል ነው። እየዳሰሰ ጆሯቸውን ይፈትሻል።

ዘንድሮ ወደ ሻምሳ ሱቅ አንዲት አስተማሪ መጣች። ሜርሲ ትባላለች፤ እዚያው ሞያሌ፣ ሄሉ የሚባል ሰፈር የምታስተምር፣ የድንበር ልጆች የጻፏቸውን ታሪኮች ሰብስባ ትንሽ መጽሐፍ ለማሳተም የምትደክም ልጅ ናት። ፎቶ ኮፒ ልታስነሣ ተራ ስትጠብቅ ሻምሳ የአንዲት አሮጊት ቃል እየጻፈች ነበር። አሮጊቷ አህያ ጠፍታባታለች፣ ለፖሊስ ማመልከት ፈልጋለች። ሻምሳ ትጠይቃለች። ጆሮዋ እንዴት ነው? ስትጠራ ትመጣለች ወይስ ትሸሻለች? ጭነት ሲከብዳት ምን ታደርጋለች?

«ትተኛለች!» አለች አሮጊቷ። «መሐል መንገድ ላይ ትተኛለች፣ እንደ ሙሽራ!»

ሻምሳ ያንንም ጻፈችው። ሜርሲ ሳቀች። «ፖሊስ እኮ ይህን ሁሉ አይጠይቅም።»

«ታዲያ በምን ያውቋታል?» አለች ሻምሳ።

ሜርሲ ፎቶ ኮፒዋን ትታ ቁጭ አለች። «መጻፍ የጀመርሽው መቼ ነው?» ብላ ጠየቀቻት። «አልጀመርኩም» አለች ሻምሳ። ይህን ሁሉ የነገረችኝ ቅዳሜ ኦዳ ስትመጣ ነው። ሜርሲ በአንድ ወር ውስጥ አንድ ታሪክ ስጪኝ ብላታለች፤ ሻምሳም እምቢ ብላታለች፤ ሜርሲ ግን በየሁለት ቀኑ እየመጣች አንድ ገጽ ብቻ ፎቶ ኮፒ ታስነሣለች።

«እና ምን አሰብሽ?» አልኳት።

ከቦርሳዋ ወረቀት አወጣች። ማሽኑ ያበላሻቸው ወረቀቶች ናቸው፤ በጀርባቸው በኩል በእጅ ተጽፎባቸዋል። ስዋሂሊ ስለሆነ ማንበብ አልቻልኩም። ግን በረድፍ ነው የሚሄደው።

«የፍየሎቹ ነው» አለችኝ። «ያኔ የነበሩት። አንድ ባንድ።»

መልስ ልሰጣት ፈለግሁ። አሥራ አራት ዓመት የዘገየ መልስ ነው። «ሻምሳ፣ ያን ጊዜ ጠይቀሽኝ ነበር፣ ሻይሽን ጠጪ አልኩሽ።»

«አስታውሳለሁ።»

«አንቺ አልገደልሻቸውም።»

«አውቃለሁ አኮ። ዝናብ ነው» አለች፤ ዛሬ ቅዳሜ ነው እንደሚባለው ያህል። ወረቀቶቹን ጠርዛቸውን አስተካከለች። «የምትዪው ገብቶኛል። ግን ፍየሎቹ ያንቺ አልነበሩም። የእሱ ናቸው። እሱ ከፈቀደ ለሜርሲ እሰጣለሁ። ካልፈቀደ ምድጃው አለ።»

«እና ምድጃ ከገቡስ በኋላ?»

«በኋላ ሥራዬ አለኝ። የሰው ደብዳቤ እጽፋለሁ።»

ይህን ስትል ፊቷን አየሁት። እየቀለደች አልነበረም። ያን ቀን ያለ ጠብ፣ ያለ ልቅሶ፣ ዕድሜዋን ሙሉ እንደዚያው ልትኖር ተዘጋጅታ ነበር። እኔ እንደኖርኩት ማለት ነው። በጣም ደክሞኝ ተቀመጥኩ።

በሚቀጥለው አርብ፣ ከጁምዓ በኋላ፣ መጣች። አባ አዳኖ ከቤቱ ጥላ ሥር በርጩማው ላይ ነው፣ ዱላውን ጉልበቶቹ መሐል አቁሟል። ፊት ለፊቱ ጄሪካን ገልብጣ ተቀመጠች።

«አካኮ፣ አንድ ነገር ላንብብልዎት?»

«ደብዳቤ ነው? አዳኖ ምን ሆነ?»

«ደብዳቤ አይደለም። ስለ ፍየሎቹ ነው። ግድግዳው ላይ ስለነበሩት።»

ዓይኑ ከጠፋ ወዲህ ፊቱ ላይ ምን እንዳለ ለማወቅ እጆቹን ነው የማየው። እጆቹ ዱላው ላይ አልተንቀሳቀሱም። እሺም እምቢም አላለም። እሷ ጠበቀች። እኔ ከበሩ ደፍ ላይ ስንዴ እየለቀምኩ ነበር፤ የማነሣው ድንጋይ ይሁን ስንዴ አላየውም።

«ካልፈለጉ…» አለች።

«አንብቢ።»

ጀመረች። ወረቀቱ ላይ ያለው ስዋሂሊ ነው፣ ከአፏ የሚወጣው ቦረንኛ። ከጉራቻ ጀመረች፤ ጉራቻ ጠዋት ጠዋት ከሁሉ በፊት እንደምትወጣ፣ በሩ ካልተከፈተ በቀንዷ እሾሁን እንደምትገፋ። ቀጥላ ቡሬዋን። እኔ አብሬያቸው የኖርኩ፣ ለዓመታት ያለብኳቸው፣ እያንዳንዷን አሁን ገና አየኋት። አባ አዳኖ አንዳንዴ አገጩን ከፍ ያደርጋል። ሌላ ምልክት የለም። ጆሮዋን ጅብ የነከሳት ጋ ደረሰች፣ አለፈች። ቀንዷ የተሰበረው ጋ ደረሰች።

«ቀኝ ቀንዷ ተሰብሮ በጨርቅ ታስሮላት ነበር» ብላ አነበበች።

«ግራው ነው» አለ።

ሻምሳ ቀና አለች። «ቀኙ ነው አካኮ። ጨርቁን ያሰርኩላት እኔ ነኝ።»

«ስታስሪላት ከፊቷ ነበርሽ ከኋላዋ?»

አሰበች። «ከፊቷ።»

«በቃ፣ ያንቺ ቀኝ የእሷ ግራ ነው። ፍየል ስትነጂ ከኋላ ነው የምትቆሚው። አስተካክዪ።»

እስክሪብቶ አወጣች። ሰረዘች፣ ጻፈች። «እሺ» አለች። ቀጠለች። ሌላ ቦታም አቋረጣት፤ አንዷ በዚያ ዓመት አልወለደችም አለ። እሷ ወልዳለች አለች፤ ተከራከሩ። ግልገሏ የሞተችበትን ቀን ስትነግረው «እሺ፣ እሱን አንቺ ታውቂያለሽ» አለ። ሞታቸውን ያነበበችው ባጭሩ ነው። ማን ቀድማ፣ ማን ተከትላ። ግድግዳው ስለመለቅለቁም ጽፋለች፤ ውሃውን ማን እንዳመጣ ጽፋለች። እኔ ጋ ስትደርስ አንገቴን ደፋሁ። ስለ እኔ የተጻፈው ሁለት መስመር ብቻ ነው፣ እውነትም ነው።

ጨረሰች። ወረቀቶቹን ጉልበቷ ላይ አኖረች። ምድጃውን አላየችም፣ እኔ ነኝ ያየሁት።

አባ አዳኖ «አንዷ ቀረች» አለ።

ሻምሳ ወረቀቶቹን አገላበጠች። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፣ በረድፍ በረድፍ። «አልቀረችም አካኮ። ሁሉንም ጽፌያለሁ።»

«ዲማዋ ቀረች። ቀይዋ። ግንባሯ ላይ ነጭ ያለባት፣ የኋላ እግሯን የምትጎትት።»

«አላውቃትም።»

«አታውቂያትም። አንቺ ሳትወለጂ ነው የሞተችው። በፊተኛው ድርቅ።»

በአጥሩ ማዶ ቦዳ ቦዳ የሚሉት የኪራይ ሞተር ብስክሌት አቧራ እያስነሣ አለፈ። ድምፁ እስኪርቅ ጠበቀ።

«እሷን ማንም አልሳላትም» አለ። «ማንም አልደረደራትም። ግድግዳው ባዶ ነበር። ሞተች።»

እኔም ስንዴውን ተውኩት። እሱ ይህን ተናግሮ ዱላውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ፤ ይቅርታ አላለም፣ አፉ አልለመደውም። ሻምሳ ጎንበስ አለችና ከወረቀቶቹ የመጨረሻውን ገለበጠች። ባዶ ቦታ ፈልጋ አገኘች።

«የኋላ እግሯን ያሉኝ የትኛውን ነው?»

«ግራውን። ከኋላ ቆመሽ ስታያት ግራውን።»

ጻፈች።

«ከእሷ ጋር የሞቱ ሌሎችም ነበሩ» አለ። «አንዷ ነጭ ነበረች፣ ጎኗ ላይ የእሳት ጠባሳ ያለባት። ምን ሆና ነው ብትዪኝ፣ ይቺ አያትሽ ናት፣ የፈላ ውሃ ደፍታባት ነው።»

«ውሸት ነው!» አልኩ ከደፉ ላይ። «እሷ ናት ምድጃው ውስጥ የገባችው!»

«ይህንንም ጻፊው» አላት።

ሌላዋን ጠራ፣ ደግሞ ሌላዋን። ሻምሳ አላለቀሰችም፣ አልሳቀችም። አንገቷን ደፍታ ትጽፋለች፣ ቦታ ሲያጥራት ፊደሉን ታሳንሳለች። እሱ አይቆምም።

«ቀስ ይበሉ አካኮ፣ አልደረስኩም።»

«አንቺ ፍጠኚ» አለ። «እኔ ሽማግሌ ነኝ።»

የከሰዓቱ ሰላት፣ አስር፣ ተጠራ። ውዱእ የሚያደርግበትን ውሃ ልሰጠው ተነሣሁ፤ እጁን ወደ እኔ አነሣና ትንሽ ጠብቂ አለኝ። ኮዳውን ይዤ ቆሜ ጠበቅሁ።